የተዋስናቸው አጎት

ባለፈው ሰኞ ልጄን ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ላወጣት ስሄድ የበሩ ጥበቃ መታወቂያ ጠየቀኝ። «ወላጅ ነኝ» አልኩት። «ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው፣ እናቴ» አለና መዝገቡን ገልጦ ከልጄ ስም ጎን የተለጠፈውን ፎቶዬን ከፊቴ ጋር አመሳከረ። ከዚያ ከሥሩ ካርቦን የገባበት ወረቀት ዘርግቶ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለኝ። ከኋላዬ የቆመች ሴትዮ «ኧረ ጉድ ነው! የገዛ ልጃችንን ልንሰርቅ ነው እንዴ?» እያለች ታጉረመርማለች። እኔ ግን ያንን ጥበቃ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ፈርሜ ወረቀቱን ስመልስለት ካርቦኑ ሸተተኝ፤ ያ የሰምና የዘይት፣ ትንሽም የቀለም ሽታ። ስንወጣ ልጄ እጄን ይዛ «ማሚ፣ ለምንድነው የምታለቅሺው?» አለችኝ። አቧራ ነው አልኳት። አዲስ አበባ ለዚህ ለዚህ አቧራ አትነፍግም።

የካርቦን ሽታ ለእኔ ጋሽ ክፍሌ ማለት ናቸው።

ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው ካዛንቺስ፣ አምስት ቤቶች ያሉበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው አሁን የለም። በቅርቡ በዚያ ሳልፍ በራችን የት ጋ እንደነበር ለማወቅ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ በመጨረሻ ሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ በግምት ቆም ብዬ ሄድኩ። እናቴ ለቢሮ ሠራተኞች ምሳ በኮንትራት ትሠራ ነበር። እኔ የጠዋት ፈረቃ ስለሆንኩ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ ዕቃዎቹን ይዤ እዞራለሁ። የመጨረሻው ምሳ ዕቃ የጋሽ ክፍሌ ነበር። መጨረሻ ያደረግኩት መንገዱ ስለሚመች አይደለም፤ እሳቸው ጋ ቁጭ ማለት ስለምወድ ነው።

ጋሽ ክፍሌ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር፣ ቀይ ይሁን ሮዝ የማይለይ ጃንጥላ ተክለው፣ አንድ እግሯ በድንጋይ የተደገፈች ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ባለጉዳይ ሲመጣ ወዲያው አይጽፉም። «ጉዳዩ ምንድነው?» ይላሉ። ሰውየው ይናገራል። እስክሪብቶውን ሳያነሱ «እሺ፣ ጉዳዩ ምንድነው?» ይላሉ እንደገና። ሰውየው «አሁን ነገርኩዎት እኮ!» ብሎ ይቆጣል። ሦስተኛም ይጠይቁታል። አንድ ቀን ለምን ሰው እንደዚህ እንደሚያደርቁ ብጠይቃቸው «አየሽ ቲጂ፣ ሰው መጀመሪያ የሚነግርሽ የተናደደበትን ነው። ቀጥሎ አዋቂ የሚያስመስለውን ይነግርሻል። እውነተኛው ጉዳይ የሚመጣው በሦስተኛው ነው» አሉኝ። ጽፈው ሲጨርሱ ደግሞ ወረቀቱን ለባለጉዳዩ እየሰጡ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሳይፈርሙ በፊት ያንብቡት» ይሉ ነበር።

ሁለተኛ ሥራም ነበራቸው። ወላጅ ይሆኑ ነበር።

በሰፈራችን ልጅ «ወላጅ ይዘህ ና» ከተባለ ሁለት ምርጫ ነበረው። ወይ እውነተኛውን ወላጅ ወስዶ መገረፍ፣ ወይ መዋስ። ሊስትሮ የሚዋስ ነበር፣ የታክሲ ረዳት የሚዋስም ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ግን እነሱን ገና ከበር ያውቃቸዋል። ጋሽ ክፍሌ ሌላ ናቸው። ጥቁር ኮት፣ በላስቲክ የታሰረ መነጽር፣ ከደረት ኪስ ብቅ ያሉ ሁለት እስክሪብቶዎች። ከእውነተኛ አባት ይበልጥ አባት ይመስሉ ነበር። ለእኔም አንዴ ሆነውልኛል። መስኮት ሰብሬ ተከስሼ፣ ዩኒት ሊደሩ ፊት ቆመው «ይቺን ልጅ ያበላሸኋት እኔ ነኝ! እኔን ይቅጡኝ!» እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ፣ ሰውየው እኔን ትቶ እሳቸውን ማጽናናት ያዘ። ክፍያቸው አንድ ገጽ የእጅ ጽሕፈት ነበር። አንድ ፊደል ከተጣመመ እንደገና ይጻፋል። የእጅ ጽሕፈቴ ያማረው በዚያ ወንጀል ነው።

ወይንሸት፣ ወይኒ ነው የምንላት፣ የክፍል ጓደኛዬ ብቻ ሳትሆን የግድግዳ ጎረቤቴም ነበረች። በእነሱና በእኛ ቤት መካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እናቷ ስትሞት ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደጋት አባቷ ዳንኤል ነው። ያኔ አንቱ ነበር የምንለው፤ ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ቢሮ የሚሠራ፣ ሲገባ ሲወጣ ለእኛ ለልጆች ከረሜላ የሚበትን ሰው ነበር። የግቢው ሴቶች በእሱ ይምሉ ነበር። «እናትም አባትም ሆኖ!» ይላሉ፤ ባሎቻቸውን ለመውቀስ ሲፈልጉ ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይሉታል።

ወይኒ ብዙ ጊዜ ትወድቅ ነበር። እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው። ደረጃ ላይ ወደቅኩ፣ ቦይ ውስጥ ወደቅኩ ትላለች። እግሯ ደካማ ነው ብዬ በገመድ ዝላይ ጊዜ ገመዱን ዝቅ አደርግላት ነበር። በሚያዝያ ሙቀት፣ የክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ አናት በሚያፈላበት ሰዓት የዩኒፎርም ሹራቧን አታወልቅም። ብርዳም ናት እልም ነበር።

ዳንኤል ራዲዮ ይወድ ነበር። ይሄም የማውቀው ነገር ነው። ከሥራ ገብቶ ትንሽ እንደቆየ በሩ ይዘጋል፣ ራዲዮኑ ይከፈታል፣ ድምፁ ግድግዳችን ላይ ያለው መስታወት እስኪንቀጠቀጥ ይጨምራል። እኔና ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼ ግቢው መሀል ወጥተን በነፃ ሙዚቃ እንጨፍር ነበር። «ወይኒ፣ ነይ ውጪ! እንጨፍር!» ብዬ የጠራኋት ጊዜ ሁሉ አለ። ይሄን መጻፍ ከበደኝ። ግን ጨፍሬያለሁ፤ ትከሻዬን እየሰበቅኩ፣ ከበራቸው ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ወይኒ ከትምህርት ቤት ስንወጣ እያለቀሰች ደረሰችብኝ። የክፍላችን ኃላፊ ቲቸር ሮማን ናቸው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲያስተምሩ ጠመኔ የሚሰብሩ ሴት ናቸው። ያን ቀን ወይኒን ሙቀቱ ጥሏት ሹራቧን አስወልቀዋት ኖሮ «ዘመድ ይዘሽ ነይ» ብለዋታል።

«ምን አጠፋሽ?» አልኳት።

«ምንም። አባትሽን አይደለም አሉኝ። ከአባትሽ ሌላ ዘመድ አለሽ ወይ፣ እሱን ይዘሽ ነይ አሉኝ። ቲጂ፣ አባዬ ከሰማ ይገለኛል።»

አባዬ ይገለኛል የማይል ልጅ በሰፈራችን አልነበረም። እኔ ራሴ በሳምንት ሁለቴ እገደል ነበር። ከአባት ሌላ ዘመድ የተባለውንም በልጅ ጭንቅላቴ ተረጎምኩት፤ አባቷ ደግ ስለሆነ ቲቸር የሚገርፍ ሰው ፈልገው ነው አልኩ። መፍትሔው ደግሞ እጄ ላይ ነበር። «አይዞሽ፣ በቃ እኔ አለሁ። ጋሽ ክፍሌን አጎት እናደርጋቸዋለን» አልኳት። ሐሳቡ የእኔ ነው። የማንም አይደለም።

ጋሽ ክፍሌ ያን ቀን ባለጉዳይ በዝቶባቸው ነበር። ምሳ ዕቃውን ከፊታቸው አስቀምጬ ስነግራቸው ቀና እንኳን ሳይሉ «የእናት ወንድም ልሁን የአባት?» አሉ።

«የእናት» አለች ወይኒ።

«ነገ ሁለት ሰዓት። ጽሕፈቷን አትርሺ።»

ማንንም ሦስት ጊዜ ሳይጠይቁ የማይጽፉት ሰው እሷን አንድ ጊዜ እንኳን ጉዳዩ ምንድነው አላሏትም። የልጅ ጉዳይ መስኮት ነው፣ ማርፈድ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

በነጋታው ወይኒን አስከትለው ቢሮ ሲገቡ እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ፤ ትርኢቱ እንዳያመልጠኝ ነው። ቲቸር ሮማን ተነሥተው ወንበር ሰጧቸው።

«እርስዎ ምኗ ነዎት?»

«አጎቷ ነኝ። የእናቷ ወንድም።»

ቲቸር በረጅሙ ተነፈሱ። «እግዚአብሔር ይመስገን! ሰው የላትም ብዬ ፈርቼ ነበር» አሉ፤ ወይኒን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው የሹራቧን እጅጌ እስከ ክንዷ ሰበሰቡት። ከቆምኩበት ሆኜ የሚታየኝ ጀርባዋ ብቻ ነበር። የጋሽ ክፍሌን ፊት ግን አየሁት። እንደ ልማዳቸው «ያበላሸኋት እኔ ነኝ» ሊሉ የተከፈተው አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

«ይሄ መውደቅ አይደለም» አሉ ቲቸር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ጀርባዋማ አይነገርም። አባትየውን ብጠራ ይብስባታል ብዬ ነው እርስዎን ያስጠራሁት። ዘመድ ባይመጣ ዛሬ ከሰዓት ለሕጻናት ፖሊስ ላመለክት ይኸው ደብዳቤውን ጽፌ ጨርሻለሁ። ግን በዚህ ዕድሜዋ ጣቢያ ለጣቢያ ከምትንከራተት የሥጋ ዘመዷ ቢይዛት ይሻላል። ይወስዷታል? ይኖሩላታል?»

ጋሽ ክፍሌ መነጽራቸውን አስተካከሉ። እንዴት ያለ ተዋናይ ናቸው ብዬ አደነቅኩ። ያኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ «እኔ ዘመዷ አይደለሁም» ማለት። እሳቸው ግን የሰው ማኅተም እንደያዘ ሰው ደንግጠዋል። የዋሸ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ውሸቱን ነው።

«አለሁላት» አሉ በመጨረሻ።

ቲቸር መዝገብ ገልጠው አስፈረሟቸው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ደብዳቤ ለሁለት አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። መሳቢያው ሲዘጋ ዳነች ብዬ ልቤ በደስታ ዘለለ።

እኔና ወይኒ በእረፍት ሰዓት አንድ ቦምቦሊኖ ለሁለት ተካፈልን። ጋሽ ክፍሌ ግን አልሄዱም ነበር፤ ስንወጣ ከአጥሩ ጥግ ቆመው አገኘናቸው። ወይኒ ፊት እንደምንም ቁጢጥ አሉና «ማነው ልጄ?» አሏት።

«ወድቄ ነው።»

«ማነው?»

«ደረጃ ላይ፣ ጋሼ። ወድቄ።»

«ማነው?»

ወይኒ መሬት መሬት እያየች «እንዳይነግሩብኝ» አለች። ሦስተኛው ላይ መጣ። የእጅ ጽሕፈቱን ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም።

ያኔውኑ ተመልሰው ቢሮ መግባት ነበረባቸው። እኔ ዛሬ ላይ ሆኜ ይሄን ማለት ይቀለኛል። እሳቸው ያደረጉት የሰፈራችን ትልቅ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ እሑድ ከሰዓት ኮታቸውን ለብሰው ዳንኤልን ሊመክሩ መጡ። ግቢ ሲገቡ እናቴን ቀድመው አገኟት።

«የቲጂ እናት፣ ከዚህ ቤት ጩኸት ትሰሚያለሽ?» አሏት በቀስታ።

እናቴ ወደ በሩ አይታ፣ «ጋሽ ክፍሌ፣ በሰው ገመና ምን ጥልቅ አደረገን? ልጅ ሳይቀጣ ያድጋል እንዴ? ደግሞ እሱ! እናትም አባትም የሆነ ሰው» አለችና ዕቃዋን ማጠብ ቀጠለች። ያን ዕለት አንዱን ሳህን ደጋግማ ስታጥበው አስታውሳለሁ።

ዳንኤል በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ተቀበላቸው። ወንበር በሸሚዙ እጅጌ ወልውሎ አስቀመጣቸው። እኔ ደጅ ገመድ እየዘለልኩ ሁሉንም እሰማለሁ። ትምህርት ቤቱ እንዳየባት፣ ልጅ እንደዚህ እንደማይቀጣ፣ የእናቷን አደራ እንዲያስብ ነገሩት። አለቀሰ። «ፍቅር ነው፣ ጋሽ ክፍሌ። እንዳትበላሽብኝ ፈርቼ ነው። ሁለተኛ እጄን ባነሣ እጄ ይቆረጥ!» ብሎ ማለ። ወይኒን ጠርቶ ግንባሯን ሳማት። ጋሽ ክፍሌ ሲወጡ እየሳቀ እስከ ውጪው በር ሸኛቸው፤ ለእኔም ሁለት ከረሜላ ሰጠኝ።

ሲመለስ ከረሜላውን ገና አልጨረስኩም ነበር። በሩ ተዘጋ። ራዲዮኑ ተከፈተ።

ሰኞ ወይኒ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ማክሰኞም። ቲቸር ሮማን ስም ሲጠሩ ከእሷ ስም ላይ ቆም ብለው «አጎቷ ወስዷት ይሆናል» አሉና ደስ አላቸው፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስገባ በራቸው ከውጪ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ልሄድ ስል ከበሩ ሥር ጣት አየሁ። አንድ ጣት፣ ቆርቆሮው ከመሬት ጋር ያልገጠመበት ክፍተት ላይ።

ተንበረከክሁ። «ወይኒ?»

ዝም። ድምፄን ጨመርኩ። «ወይኒ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ቲጂ፣ ራዲዮኑን አጥፊልኝ።»

«ጠፍቷል እኮ። አባትሽ ሥራ ሄዷል።»

«አልጠፋም። ይጮኻል። ውኃ ስጪኝ።»

ውኃ በፌስታል ሞልቼ፣ ጫፉን ቋጥሬ፣ በክፍተቱ ሥር ገፋሁላት። ግማሹ ፈሰሰ። ከወዲያ በኩል ስትጠጣ ይሰማኛል። እኔ እያለቀስኩ አልነበረም። ፈርቼ ነበር፤ ያ ሁሉ ዳንስ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። የጋሽ ክፍሌን ምሳ ዕቃ ይዤ ባዶ እግሬን መሆኔን የተረዳሁት መንገድ ላይ ነው።

ስነግራቸው ምሳ ዕቃውን አልከፈቱትም። «ራዲዮኑ መቼ መቼ ነው የሚጮኸው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ስንት ጊዜ ሆነው?» ነገርኳቸው። ሦስተኛ ሲጠይቁኝ «እኛ እንጨፍር ነበር» አልኩና ያኔ ማልቀስ ጀመርኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ መልሰው አደረጉትና ሁለት ወረቀት መሀል ካርቦን አገቡ።

ከጎናቸው ጃንጥላ የነበራቸው ጋሽ አስፋው የሚባሉ ጸሐፊ በትከሻቸው አሻግረው አንብበው ደነገጡ። «ክፍሌ፣ አብደሃል? ስም ሳትጠቅስ ጠቁም፤ በስልክ ንገራቸው፣ ይመጣሉ። ዋሽቼ ፈረምኩ ብለህ በገዛ እጅህ ራስህን ትከሳለህ?»

«ስሜን ካልጻፍኩ ትምህርት ቤቱ ምን ይላቸዋል? አጎቷ ጋ ናት ይላቸዋል። አጎቷ ውሸት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አሉ ጋሽ ክፍሌ፤ እጃቸው አልቆመም።

ያን ወረቀት እየጻፉ ድምፅ አውጥተው ያነቡት ስለነበር እስከ ዛሬ በቃሌ አለ። «ጉዳዩ፦ በሕጻን ወይንሸት ዳንኤል ላይ እየደረሰ ያለውን ጉዳት ስለመጠቆም» ይላል። ወረድ ብሎ «እኔ አመልካች ዘመዷ ሳልሆን አጎቷ ነኝ ብዬ ለትምህርት ቤቷ በመፈረም፣ መምህሯ ሊያቀርቡት የነበረውን ጥቆማ አስቀርቻለሁ። ቀጥሎም አባቷን በመምከሬ በልጅቷ ላይ ብሶባታል። በአሁኑ ሰዓት ቤት ተቆልፎባት ትገኛለች» ይላል። የራሳቸውን ፊርማ ከመፈረማቸው በፊት እንደ ባለጉዳይ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ጃንጥላውን ሳያጥፉ ተነሥተን ሄድን።

ጣቢያው ውስጥ የሕጻናት ጉዳይ የምትከታተለው ፖሊስ ወጣት ሴት ነበረች። አንብባ ስትጨርስ ጋሽ ክፍሌን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ እሳቸውም አይናቸውን አልሰበሩም። «የእርስዎን በኋላ እንመለስበታለን። መጀመሪያ ቤቱን ያሳዩኝ» አለችና ሲቪል ለብሳ፣ ሌላ ባልደረባ ጨምራ ተነሣች።

ጓጉንቸሩ በብረት ሲሰበር የግቢው ሴቶች ሁሉ ወጥተው ነበር። ወይኒ ስትወጣ ብርሃኑ አይኗን ወጋት። ሹራቧን ለብሳለች። ራሷን ወደ አንድ ትከሻዋ አዘንብላ፣ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትራመደው። መጀመሪያ የተጠጋቻት እናቴ ናት። ነጠላዋን አውልቃ ወይኒን አለበሰቻትና ወደ ፖሊሷ ዞራ «እኔም እሰማ ነበር። ግድግዳችን አንድ ነው። ሁለት ዓመት ሰምቻለሁ። ጻፊኝ» አለች። እናቴን በዚያን ዕለት እኩል ወደድኳትም፣ ተቀየምኳትም።

ዳንኤልን ከቢሮው ወሰዱት። ስንት ዓመት እንደተፈረደበት ሰምቼ ረስቼዋለሁ። ለእኔ አልበቃኝም ነበር። ጋሽ ክፍሌም ቃላቸውን ሰጡ፣ ተመላለሱ፤ ለብዙ ቀን ጠረጴዛቸው ሳይዘረጋ ከረመ። ቲቸር ሮማን ደብዳቤውን ከመሳቢያው አውጥተው ለፖሊስ ሲሰጡ አለቀሱ አሉ። እኔን ምንም አላሉኝም። ማንም ምንም አላለኝም፤ ልጅ ነበርኩ። ያ ዝምታ ከግርፊያ ይብስ ነበር።

ሰኔ ገብቶ ዝናብ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ክፍሌ ሆስፒታል ይዘውኝ ሄዱ። ለወይኒ እውነተኛ አክስት ተገኝታላት ነበር፤ አዳማ የምትኖር፣ የእናቷ ታናሽ እህት፣ ዳንኤል ዓመታት ያራቃት። በማግስቱ ልትወስዳት ነው። ስንገባ አክስትየዋ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች። ወይኒ በቀኝ ጎኗ ተኝታ፣ ፊቷን በግድግዳው በኩል ወዳለው መስኮት አድርጋ ዝናቡን ታያለች።

ሌሊቱን ሙሉ የተለማመድኩት ነገር ነበረኝ። አክስትየዋ እንዳትሰማ አጠገቧ ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጆሮዋ ሥር ነገርኳት። «ወይኒ፣ ጋሽ ክፍሌን አጎት እናድርጋቸው ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ባልል ኖሮ ያን ቀን ያወጡሽ ነበር። በራችሁ ላይ የጨፈርኩትም ሳላውቅ ነው። ይቅር በይኝ።» አልዞረችም። ትከሻዋ እንኳን አልተነቃነቀም። ጠበቅኩ። ከዚያ እንደገና «ይቅር በይኝ» አልኩ። እሷ መስኮቱን ታያለች።

ተቀየመችኝ ብዬ ከክፍሉ ወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የከበደኝ መንገድ የለም፤ ጋሽ ክፍሌ ጃንጥላቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ራሳቸው እየበሰበሱ እስከ ካዛንቺስ አመጡኝ። በማግስቱ አዳማ ሄደች። አላየኋትም ከዚያ ወዲህ።

ጋሽ ክፍሌ ከዚያ በኋላ ወላጅ ሆነው አያውቁም። ልጅ እየተንደረደረ መጥቶ «ጋሼ፣ ነገ አጎት ይሁኑልኝ» ሲላቸው፣ ከጎናቸው ድንጋይ ላይ ያስቀምጡትና «ጉዳዩ ምንድነው?» ይሉታል። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ተነሥተው ልጁን ይዘው ወደ እውነተኛ ወላጁ ቤት ወይም ወደ ቲቸሩ ይሄዳሉ። ልጆች ጠሏቸው፤ ምን ነካቸው ተባለ። እኔ ምሳ ዕቃቸውን ማድረሴን አልተውኩም።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን ሳስቀምጥ ካርቦን ያለበት ወረቀት ከፊታቸው ዘርግተው አገኘኋቸው። የወይኒ አክስት ከአዳማ መጥታ ለአዲሱ ትምህርት ቤቷ የሚሰጥ ማመልከቻ አስጽፋቸው ነበር፤ ቅጂውን ሊያስቀምጡ ነው።

«ሰላም አለችሽ» አሉኝ። «ወይኒ። ቲጂ ለምን ሳትሰናበተኝ ሄደች ብላ ጠይቃለች።»

«ተሰናብቻታለሁ!» አልኩ። «ይቅር በይኝ አልኳት። እሷ ናት ዝም ያለችኝ።»

ጋሽ ክፍሌ አዩኝ። ከዚያ ወረቀቱን ቀስ ብለው ወደ እኔ አዞሩት፤ ጣታቸውን እንዳነበው የፈለጉት መስመር ላይ አሳረፉ። የሐኪም ማስረጃውን ገልብጠው የጻፉበት ቦታ ነው። በአካሏ ላይ ከደረሰው ጉዳት የተነሣ በግራ ጆሮዋ ስለማትሰማ ከፊት ወንበር እንድትቀመጥ ይላል። መቼ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እኔ እሑድ መክሬው የሄድኩ ዕለት» አሉ።

የሆስፒታሉ አልጋ በቀኝ በኩል ግድግዳ ነበረው። እኔ የቆምኩት በግራዋ ነበር።